ያልተነካ ነው ወይስ የማይነካ? የአኩሪ አተር ዝርያዎችን ተባይ መቋቋም ለመፈተን የትኛው ዘዴ ይመረጥ

መስከረም አጋማሽ ላይ ሃያ የአኩሪ አተር ዝርያ ወደተዘራበት የሙከራ ማሳ ለሚገባ ሰው ልዩነቱ ወዲያው ይታየዋል። አንዱ መደብ ቅጠሉ ወንፊት ሆኗል፤ ጎረቤቱ ደግሞ አንድ ቀዳዳ የለበትም። መዝገብ የያዘ እጅ የሚቸኩለው ይሄኔ ነው፦ የመጀመሪያው «ተጋላጭ»፣ ሁለተኛው «ተቋቋሚ» ተብሎ ይጻፋል። ግን ያልተነካ ሁሉ የማይነካ አይደለም። ትሉ የገባው ከማሳው በአንድ ጫፍ ሆኖ ይሆናል፤ ዝርያው ከሌሎቹ አሥር ቀን ቀድሞ አብቦ አምልጦ ይሆናል፤ ዘሩ በፀረ ተባይ ታሽቶ የመጣም ሊሆን ይችላል። ያው «ተቋቋሚ» በሚቀጥለው ዓመት ገበሬ ማሳ ላይ ሲዘራ እስከ ግንዱ ይበላል፤ ተወቃሹ ግን ዘሩ እንጂ ፈተናው አይሆንም።

እዚህ የምናወዳድራቸው አምስት የፈተና መንገዶች ናቸው፦ ክፍት ማሳ፣ የአጎበር ቤት፣ የተቆረጠ ቅጠል፣ የዘር ብልቃጥ እና የዘረ መል ምልክት። አንዱ ለሁሉም ነገር ይበቃል የሚል ካለ አይመኑት። የምንመዝናቸውም በዋጋቸው ብቻ ሳይሆን ያልተነካውን ከማይነካው ምን ያህል ይለያሉ በሚለው ነው።

መጀመሪያ ተባዩን መለየት

«ተባይ የሚቋቋም አኩሪ አተር» የሚባል ነገር የለም። የሚቋቋመው አንድን ተባይ ወይም አንድ ዓይነት አበላልን ነው። ቅጠል የሚበላው ጓይ ትል፣ ቆባውን ወግቶ የሚመጠው አረንጓዴ ትኋን፣ ጭማቂ የሚመጠው ክሽክሽ እና ጎተራ ውስጥ የሚገባው ነቀዝ እርስ በርስ አይመሳሰሉም። የአንዱ መቋቋሚያ ለሌላው ግብዣ የሚሆንበት ጊዜም አለ። ጥሩው ምሳሌ ጸጉር ነው። በሰሜን አሜሪካ የድንች ቅጠል ፌንጣ አኩሪ አተርን ብዙም የማይጎዳው በቅጠሉ ላይ ባለው ጥቅጥቅ ጸጉር ምክንያት ነው፤ ጸጉር የሌላቸው ዝርያዎች እዚያው ማሳ ላይ ክፉኛ ይጠቃሉ። በምሥራቅ እስያ ግን የቆባ ቦርቧሪዋ የእሳት እራት እንቁላሏን አብዝታ የምትጥለው ጸጉራም ቆባ ላይ ነው። ብራዚል ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ በስፋት የተዘራው በዘረ መል ምህንድስና የተገኘ አኩሪ አተርም አንዳንድ ቅጠል በል ትሎችን ይገድላል፤ ትኋኖችን ግን አይነካም። ስለዚህ ፈተናው ከመታቀዱ በፊት በአካባቢው ላለፉት ሁለትና ሦስት ዓመታት ምርት የቀነሰው የትኛው ተባይ እንደሆነ ከልማት ጣቢያ ሠራተኞችና ከገበሬዎች ጠይቆ ማወቅ ግድ ነው። መልሱ «ሁሉም» ከሆነ በድጋሚ ይጠየቅ።

ሁለተኛው ጉዳይ የመቋቋሙ ዓይነት ነው። አንዳንድ ዝርያ አይወደድም፦ ተባዩ ይቀምሰውና ወደ ሌላ ይሄዳል፣ ወይም እንቁላል አይጥልበትም። አንዳንዱ ያዳክማል፦ ተባዩ ይበላል፣ ግን አያድግም፣ ይዘገያል፣ ይሞታል። አንዳንዱ ይችላል፦ እየተበላም ምርቱን ይሰጣል። ይህ ልዩነት የመማሪያ ክፍል ጉዳይ ብቻ አይደለም። አለመወደድ ብቻ ያለው ዝርያ ከሌሎች ጋር ተደባልቆ ሲዘራ ንጹሕ ይመስላል፤ መቶ ሄክታር ላይ ብቻውን ሲዘራ ግን ተባዩ ሌላ ምርጫ ስለሌለው ይበላዋል። ለመስፋፊያ የሚመረጥ ዝርያ ማዳከሙ ወይም መቻሉ መረጋገጥ ያለበት ለዚህ ነው።

ክፍት ማሳ

ብዙ ዝርያ በአንድ ጊዜ የሚታይበት፣ እውነተኛው ተባይ ከእውነተኛው ዝናብና ከተፈጥሮ ጠላቶቹ ጋር የሚገኝበት፣ በመጨረሻም ኩንታል የሚቆጠርበት ብቸኛው ዘዴ ነው። ድክመቱ ደግሞ የተባዩን ቁጥር የምንወስነው እኛ አለመሆናችን ነው። የማምለጥ ስህተት በብዛት የሚፈጠረውም እዚህ ስለሆነ አሠራሩን ዘርዘር አድርገን እናያለን።

የሚሠራ መነሻ ይኸውና፦ አንድ መደብ 4 መስመር፣ እያንዳንዱ 4 ሜትር፣ በመስመሮች መካከል 60 ሴንቲ ሜትር፣ በተክሎች መካከል 5 ሴንቲ ሜትር። ይህ 9.6 ካሬ ሜትርና 320 ተክል ይሆናል። መካከለኞቹ ሁለት መስመሮች ለምርት ብቻ ይጠበቃሉ፤ ቅጠል የሚቆረጠውም ተክል የሚነቀለውም ከዳር መስመሮች ነው። ይህን ድንበር አለማክበር የተለመደ ጥፋት ነው፦ ለናሙና ተብሎ ከመሃል መስመር አሥር ተክል ይነቀልና በመጨረሻ የምርቱ ልዩነት ከተባዩ ይሁን ከሠራተኛው እጅ መለየት ያቅታል።

ድግግሞሹ፣ ማለትም እያንዳንዱ ዝርያ በማሳው ላይ የሚደገምበት ብዛት፣ ከ3 ይልቅ 4 ቢሆን ይመረጣል። ተባይ በማሳ ላይ እንደ ዝናብ እኩል አይወርድም፤ በክምችት ይቀመጣል። ሦስት ድግግሞሽ ካለንና አንዱ ከክምችቱ ውጭ ከወደቀ የቀረው ማስረጃ ሁለት ብቻ ነው።

ከዚያ የማይቀረው የተጋላጩ ማወዳደሪያ ነው። በተባዩ መጠቃቱ በአካባቢው የታወቀ ዝርያ በሙከራው ዙሪያና በየአምስት መደቡ መካከል አንዳንድ መስመር ይዘራል፤ ከሌሎቹ ሁለት ሳምንት ቀድሞ ቢሆን ተባዩን ስቦ ያራባል፣ ኋላም ያሰራጫል። ይኸው ዝርያ በራሱ መደብም በየድግግሞሹ ይግባ። ማወዳደሪያው የዚያን ዓመት ፈተና ዳኛ ነው። ቅጠሉ ካልተበላ ማንም አልተፈተነም፤ ውጤቱ «ሁሉም ተቋቋሚ» ሳይሆን «ፈተና አልነበረም» ተብሎ ይመዝገብ። ለጋሽ ወይም አለቃ ይህን ዓረፍተ ነገር አይወድም፤ ቢሆንም ይጻፍ።

ዙሪያውን በቆሎ ወይም ማሽላ እንደ ንፋስ መከላከያ መዝራት ብዙዎች ይወዳሉ። ጓይ ትልም ይወደዋል። ከበቆሎው የሚነሳው ትል የዳር መደቦችን ቀድሞ ስለሚመታ ውጤቱ የዝርያ ሳይሆን የቦታ ይሆናል። ዳሩ ራሱ አኩሪ አተር ይሁን።

መቻልን ለመለካት መደቦቹ ጥንድ መሆን አለባቸው፦ አንዱ በፀረ ተባይ የተጠበቀ፣ ሌላው የተተወ። የሚረጨውና የማይረጨው ክፍል በየድግግሞሹ በትልልቅ ቁራጭ ይለይ፤ በመካከላቸው ቢያንስ 3 ሜትር ይኑር፤ ርጭቱም ንፋስ ሳይነሳ ማለዳ ይሁን። ዝርያዎቹ 16 ቢሆኑ፣ በ4 ድግግሞሽና በሁለት አያያዝ 128 መደብ፣ መንገድ ሳይቆጠር 1,229 ካሬ ሜትር ገደማ ያስፈልጋል። ለአንድ ዝርያ የሚገባው ዘር 2,560 ፍሬ ነው፤ መቶው ፍሬ 15 ግራም ቢመዝንና 85 በመቶው ቢበቅል ብለን ስናሰላ 450 ግራም ገደማ ይሆናል። ዘሩ ያልታሸ መሆኑ ይረጋገጥ፤ በፀረ ተባይ የታሸ ዘር የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ምዝገባ ዋጋ ያሳጣል። የተጠበቀው መደብም ሁልጊዜ ንጹሕ እንደማይሆን ማወቅ ያስፈልጋል፦ ፓይረትሮይድ የሚባሉት መድኃኒቶች የክሽክሽን ጠላቶች ስለሚፈጁ የተረጨው መደብ ካልተረጨው የበለጠ ክሽክሽ ሊያበቅል ይችላል።

የምርት መቀነስ በመቶኛ የሚሰላው ከተጠበቀው መደብ ምርት ያልተጠበቀውን ቀንሶ፣ ለተጠበቀው አካፍሎ፣ በ100 በማባዛት ነው። ይህ ቁጥር ብቻውን ያታልላል። አንድ ዝርያ ሲጠበቅ በሄክታር 24 ኩንታል፣ ሳይጠበቅ 21 ሰጠ እንበል፤ ቅናሹ 12.5 በመቶ ነው። ሌላው ሲጠበቅ 17፣ ሳይጠበቅ 16.5 ሰጠ፤ ቅናሹ 3 በመቶ እንኳ አይሞላም። በሠንጠረዥ ላይ የሚያሸንፈው ሁለተኛው ነው። መርጨት የማይችለው ገበሬ ግን በመጀመሪያው 4.5 ኩንታል ይበልጥ ያገኛል። ለገበሬ የሚመረጥ ዝርያ ያልተጠበቀ መደብ ምርቱ ይታይ፤ ለማዳቀል የሚፈለግ ወላጅ ከሆነ ግን መቶኛው ይበልጥ ይናገራል።

ለቆጠራ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። 1 ሜትር ርዝመት ያለው አቡጀዲ በሁለት ዘንግ ላይ ተሰፍቶ በሁለት መስመሮች መካከል ይነጠፋል፤ ከሁለቱም ወገን ያሉት ተክሎች ወደ ጨርቁ ጎንበስ ተደርገው ይራገፋሉ፤ የወደቀው በዓይነትና በዕድሜ ይቆጠራል። ሰዓቱ ከጠዋቱ 3 ሰዓት በፊት ቢሆን ይመረጣል፤ ፀሐይ ሲሞቅ ትኋኖች ሳይቆጠሩ ይበራሉ። ቆጠራው ከበቀለ ከሦስት ሳምንት ጀምሮ በየሳምንቱ ይደረግ።

የተበላ ቅጠል በዓይን ሲገመት የሰው ዓይን ወደ ላይ ያደላል፤ 15 በመቶ የተበላውን 30 ማለት የተለመደ ነው። መፍትሔው በወፍራም ወረቀት ላይ 5፣ 10፣ 20 እና 40 በመቶ የተበሉ ቅጠሎችን ስሎ በኪስ መያዝ ነው። ከአሥር ተክሎች ከላይና ከመሃል ቅጠል ይቆረጥ። ከሦስቱ የቅጠሉ ክፍሎች በጣም የተበላውና ትንሽ የተበላው ይጣሉና ቀሪው ይገመት። አንድን ድግግሞሽ ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ሰው ብቻ ይገምት። ሁለት ሰዎች ካሉ ድግግሞሾቹን ይካፈሉ እንጂ ዝርያዎቹን አይካፈሉ፤ አለበለዚያ የሰዎቹ ልዩነት የዝርያ ልዩነት መስሎ ይወጣል።

ትልቁ የማምለጫ በር የመድረሻ ጊዜ ነው። በ100 ቀን የሚደርስና በ150 ቀን የሚደርስ ዝርያ በአንድ ቀን ቢቆጠሩ አንዱ ቆባው ሞልቷል፣ ሌላው ገና ያብባል። ትኋን የሚፈልገው ፍሬ እየሞላ ያለ ቆባ ስለሆነ መጀመሪያ ቀዳሚዎቹን ያጠቃል፤ እነሱ ሲደርቁ በዝቶና ተራብቶ ወደ ዘግይቶ ደራሾቹ ይፈልሳል። ስለዚህ ቀዳሚ፣ መካከለኛና ዘግይቶ ደራሽ ዝርያዎች በተለያየ ሙከራ ይዘሩ፤ ምዝገባውም በቀን መቁጠሪያ ሳይሆን በዕድገት ደረጃ ይሁን። በዓለም የተለመደው አጻጻፍ አር-1 አበባ መጀመሩን፣ አር-3 ቆባ መጀመሩን፣ አር-5 ፍሬ መሙላት መጀመሩን፣ አር-6 ሙሉ አረንጓዴ ፍሬን ያመለክታል። ለትኋን የሚነጻጸረው አር-5 ከአር-5 ጋር ነው።

አንድ ነገር እንጨምር፦ ሥሩ ላይ ኖዱል (ጠቃሚ ባክቴሪያ የሚኖርበት ትንሽ እብጠት) ያልያዘ አኩሪ አተር ይቢጫል፣ ተባይም በቢጫና በአረንጓዴ ተክል ላይ እኩል አይሰፍርም። አዲስ መሬት ላይ ሁሉም ዝርያ በአንድ ዓይነት የባክቴሪያ ማዳበሪያ ታሽቶ ይዘራ። በባክቴሪያው የታሸ ዘር ፀሐይ ላይ ከዋለ ባክቴሪያው ይሞታልና በዚያው ሰዓት ወደ መሬት ይግባ።

የአጎበር ቤት

እዚህ የተባዩን ቁጥር እኛ እንወስናለን። ተባዩ ስላለ ማምለጥ የለም፤ ዝርያው ወይ ይቋቋማል ወይ አይቋቋምም። ለትኋን ከዚህ የተሻለ ዘዴ የለም ቢባል ማጋነን አይደለም፤ በክፍት ማሳ ትኋን ከመደብ መደብ ይበርራልና።

ቤቱ ሁለት መስመር የሚያቅፍ፣ 1 ሜትር ርዝመትና 1.2 ሜትር ቁመት ያለው ይሁን። አጥንቱ ከቀርከሃ ይሠራ፤ የጨርቁ ጠርዝ 15 ሴንቲ ሜትር ያህል አፈር ውስጥ ይቀበር። እዚህ ላይ ሙከራ የሚያበላሸው ነገር ቀላል ይመስላል፦ ለወባ መከላከያ የሚታደለው አጎበር በፀረ ተባይ የተነከረ ነው። በእሱ የተሠራ ቤት ውስጥ የገባ ትኋን ይሞታል፣ ዝርያው ሁሉ «ተቋቋሚ» ይሆናል። ያልተነከረ ጨርቅ ተፈልጎ ይገዛ። ለክሽክሽ ደግሞ የአጎበር ቀዳዳ ሰፊ ስለሆነ ይበልጥ ጠባብ ጨርቅ ያስፈልጋል።

ቤቱ የሚተከለው ተባዩ ሳይደርስ፣ አር-3 ገደማ ነው። ውስጡ ያሉ ሸረሪቶች፣ ጥንዚዛዎችና የውጭ ተባዮች በእጅ ይለቀማሉ፤ ከሁለት ቀን በኋላ በድጋሚ ይታያል። አር-5 ሲደርስ ተባዩ ይገባል። ብራዚል ውስጥ ለእህል በሚመረት አኩሪ አተር ርጭት የሚጀመረው በአንድ ሜትር መስመር 2 ትኋን ሲገኝ ነው፤ ለዘር በሚመረት ደግሞ 1 ሲገኝ። ለፈተና በሜትር 4 ማስገባት ልዩነቱን ያወጣል። ለ14 ቀን ይቆዩ፤ በመጀመሪያዎቹ 48 ሰዓት የሞቱት በመጓጓዝ ተጎድተው ሊሆን ስለሚችል ይተኩ፣ ከዚያ በኋላ የሞቱት ግን አይተኩም፤ ሞታቸው ራሱ መረጃ ነው።

ወጪውን የሚያሳየው ስሌት ይህ ነው፦ 8 ዝርያ፣ ትኋን ያለበትና የሌለበት፣ በ4 ድግግሞሽ 64 ቤት ይሆናል። ከእነዚህ 32ቱ እያንዳንዳቸው 8 ትኋን ይፈልጋሉ፣ ማለትም 256፤ ለመተኪያ ሲጨመር 300 ገደማ። ይህን ያህል ጤነኛና እኩያ ትኋን በአንድ ጠዋት መሰብሰብ ቀላል አይደለም። ስለዚህ የአጎበር ቤት ከ8 ለማይበልጡ፣ በክፍት ማሳ ላይ ተጣርተው ለቀሩ ዝርያዎች ነው።

ባዶው ቤት እንደ ትርፍ ነገር አይታይ። ጨርቁ ብርሃን ይቀንሳል፣ ሙቀት ይይዛል፣ ተክሉ ተስቦ ይረዝማል። ምርት በጨርቁ ምክንያት ከቀነሰና ባዶ ቤት ከሌለ ጥፋቱ ሁሉ በትኋኑ ላይ ይለጠፋል።

የሚለካው የመቶ ፍሬ ክብደት፣ ፍሬ ያልያዘ ጠፍጣፋ ቆባ በመቶኛ፣ የተሸበሸበና ነጠብጣብ ያለበት ፍሬ፣ እንዲሁም ብቅለት ነው። ዘር አባዢ ከሆናችሁ የቴትራዞሊየም ምርመራ ይጨመር፦ ፍሬው 16 ሰዓት እርጥብ ወረቀት ውስጥ በ25 ዲግሪ ይቆያል፣ ከዚያ በ0.075 በመቶ የቴትራዞሊየም ፈሳሽ ውስጥ ከ35 እስከ 40 ዲግሪ ለሦስት ሰዓት ያህል በጨለማ ይነከራል። ሕያው ክፍል ቀይ ይሆናል፤ ትኋን የወጋው ቦታ ክብ ነጭ ሆኖ ይቀራል። ከላይ ጤነኛ የሚመስል ፍሬ ውስጡ እንዲህ ተወግቶ ማግኘት የተለመደ ነው።

የተቆረጠ ቅጠል

ለቅጠል በል ትሎች ፈጣኑና ርካሹ መንገድ ነው፤ በሦስት ሳምንት ያልቃል። ሁለት መልክ አለው፤ ሰዎች ደግሞ ያምታቱታል።

ምርጫ የሌለበት ፈተና ማዳከምን ይለካል። 9 ሴንቲ ሜትር ስፋት ባለው ክዳናም ሳህን ላይ እርጥብ ወረቀት ተነጥፎ አንድ ቅጠልና አንድ አዲስ የተፈለፈለ ትል ይቀመጣል። ጓይ ትል እርስ በርሱ ይበላላልና አንድ ሳህን ላይ ሁለት አይቀመጥም። ሙቀቱ 25 ዲግሪ አካባቢ ይሁን፤ ቅጠሉ በየቀኑ ወይም በየሁለት ቀኑ ይቀየር። በ7ኛው ቀን ትሉ ይመዘናል፤ ወደ ኩብኩባ የገባበትና የሞተበት ቀን ይመዘገባል። ለአንድ ዝርያ ከ20 ሳህን ማነስ የለበትም።

ምርጫ ያለበት ፈተና አለመወደድን ይለካል። የተፈታኙና የማወዳደሪያው ዝርያ ቅጠል በ2 ሴንቲ ሜትር ክብ ተቆርጦ በትልቅ ሳህን ዙሪያ አንድ ከዚህ አንድ ከዚያ እየተፈራረቀ ይደረደራል፣ ትሎቹ መሃል ይለቀቃሉ። ስሌቱ፦ ከተፈታኙ የተበላው በሁለት ተባዝቶ፣ ከሁለቱም ለተበላው ድምር ይካፈላል። ውጤቱ 1 ከሆነ ልዩነት የለም፤ ከ1 ባነሰ ቁጥር ተፈታኙ አልተወደደም። ቁልፉ ማቆሚያው ነው፦ ከማወዳደሪያው ግማሽ ያህሉ ሲበላ ሁሉም ይነሳ። ሌሊቱን ተትቶ ጠዋት ሲገኝ ሁለቱም አልቀዋል፣ ቁጥሩም 1 ይሆናል፤ ዝርያው ሳይሆን የሰዓቱ ጥፋት ነው።

ከማሳ የተለቀመ ትል ውስጥ የጥገኛ ተርብ እጭ ይኖራል። ትሉ በአምስተኛው ቀን ሲሞት ምስጋናው ለዝርያው ይሄዳል። ትሎቹ ከተሰበሰበ እንቁላል የተፈለፈሉ ይሁኑ፤ የአንድ እናት ልጆች ለሁሉም ዝርያ እኩል ይከፋፈሉ። ቅጠሉም ከተመሳሳይ ቦታ ይቆረጥ፦ ከላይ ሦስተኛው ሙሉ የተዘረጋ ቅጠል ይበቃል። ለጋና ያረጀ ቅጠል በአንድ ተክል ላይ ሆነው እንኳ ለትል አንድ አይደሉም።

የዘዴው ወሰን ግልጽ ነው። ስለ ምርት አንዳች አይናገርም፤ የተቆረጠ ቅጠል ደግሞ በሥሩ ላይ ካለው ቅጠል ጋር አንድ አይደለም። ማጣሪያ እንጂ መጨረሻ አይደለም።

የዘር ብልቃጥ፣ ለነቀዝ

ችግሩ ጎተራ ከሆነ ማሳ ላይ ማፍሰስ የገንዘብ ብክነት ነው። 100 ፍሬ፣ አንድ ብልቃጥ፣ በክዳን ፋንታ የታሰረ ቀጭን ጨርቅ፣ 5 ወንድና 5 ሴት ነቀዝ፣ ሁለት ወር። በዚህ በቂ ውጤት ይገኛል።

ዘሩ በቅድሚያ አንድ ሳምንት በማቀዝቀዣ ፍሪዘር ይቆያል፤ ከማሳ ይዞት የመጣው የተደበቀ እጭ ይሞታል። ከዚያ ሁሉም ዝርያ በአንድ ክፍል ሁለት ሳምንት ተቀምጦ እርጥበቱ ይተካከል፤ አንዱ 9፣ ሌላው 13 በመቶ እርጥበት ይዞ ቢፈተን የተለካው እርጥበት ነው። የተፈለፈሉ አንድ ወይም ሁለት ቀን የሆናቸው ነቀዞች ይገባሉ፤ ከ5 ቀን በኋላ ይወጣሉ፤ እንቁላል ይቆጠራል። ከ20ኛው ቀን ጀምሮ የሚወጡት አዳዲሶች በየቀኑ ተቆጥረው ይወገዱ፤ ከቆዩ ራሳቸው እንቁላል ይጥላሉና ትውልዱ ይደባለቃል።

እንቁላል በዛ ብሎ ዝርያ መጣል ስህተት ነው። ነቀዝ ለስላሳ ፍሬ ላይ እንቁላል መጣል ይወዳል፤ አኩሪ አተርም ለስላሳ ነው። ጥያቄው ከእንቁላሉ ስንቱ ጎልማሳ ሆኖ ወጣ የሚለው ነው። ሌላው ወጥመድ የነቀዙ ምንጭ ነው፦ ለብዙ ትውልድ በሽምብራ ወይም በአደንጓሬ ላይ የተራባ ነቀዝ ወደ አኩሪ አተር ሲዛወር በመጀመሪያው ትውልድ ክፉኛ ሊያልቅ ይችላል፤ ያኔ ሁሉም ዝርያ ጀግና ይመስላል። አንድ ሁለት ትውልድ በአኩሪ አተር ላይ አራብቶ መጀመር ይሻላል።

የተጋላጭነት መለኪያው የወጡት ነቀዞች ቁጥር ሎጋሪዝም፣ ለአማካይ የዕድገት ቀን ተካፍሎ፣ በ100 ሲባዛ የሚገኘው ነው። የዕድገት ቀኑ ከእንቁላል መጣያው ጊዜ መሃል አንሥቶ ግማሾቹ እስከወጡበት ይቆጠራል። በተለመደው አመዳደብ ከ0 እስከ 3 ተቋቋሚ፣ ከ4 እስከ 7 መካከለኛ፣ ከ8 እስከ 10 ተጋላጭ፣ ከ11 ጀምሮ በጣም ተጋላጭ ነው። ሪፖርት ስታነብቡ ግን የትኛው ሎጋሪዝም እንደሆነ ጠይቁ። 40 ነቀዝ በ34 ቀን ቢወጣ በተፈጥሮ ሎጋሪዝም 10.9 (ሲጠጋጋ 11) ይሆናል፤ በአሥር መሠረት ሎጋሪዝም ደግሞ 4.7። አንዱ ዘር በአንደኛው ስሌት በጣም ተጋላጭ፣ በሌላው መካከለኛ ሆነ ማለት ነው። የመጀመሪያው የመለኪያው አሠራር የተፈጥሮ ሎጋሪዝምን ይጠቀማል።

የዘረ መል ምልክት

ይህ ዘዴ ከመቋቋሚያ ዘረ መል ጋር አብሮ የሚወረስን ምልክት በላብራቶሪ መፈለግ ነው። ቤተ ሙከራና ገንዘብ ላለው፣ ወላጁም ለታወቀ ማዳቀል ብቻ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1971 አሜሪካ ውስጥ ከጃፓን የመጡ ሦስት የዘር መስመሮች የሜክሲኮ ቦሎቄ ጥንዚዛን እንደሚቋቋሙ ታወቀ፤ ለአሥርተ ዓመታት የቅጠል በል መቋቋም ማዳቀል በእነሱ ላይ ቆሟል፣ በሰባተኛው ክሮሞሶም ላይ ያለው ዋና ምልክትም ዛሬ በላብራቶሪ ይፈለጋል። ምልክቱ ተገኘ ማለት ግን ዘረ መሉ አለ ማለት እንጂ ተባዩ አይበላም ማለት አይደለም። የአኩሪ አተር ክሽክሽ እ.ኤ.አ. በ2000 አሜሪካ ውስጥ ተገኘ፤ ራግ-1 የተባለው መቋቋሚያ ዘረ መል በ2006 ተገለጸ፤ ይህን ዘረ መል የሚያሸንፍ የክሽክሽ ዓይነት ኦሃዮ ውስጥ ሲለይ ራግ-1 የያዙት ዝርያዎች ገና ገበያ አልገቡም ነበር። ስለዚህ ምልክት ያለው መስመር በአካባቢው ተባይ ይፈተን።

እንግዲህ የትኛው?

ስድስት ሰባት የተለቀቁ ዝርያዎች ይዞ ለአንድ ወረዳ አንዱን መምረጥ የፈለገ ዩኒየን ወይም ዘር አባዢ ጥንድ መደብ ያለው ክፍት ማሳ ይዝራ፤ ሁለት ቦታ ለሁለት ዓመት፤ በጎን የዘር ብልቃጥ። የአጎበር ቤት የሚያስፈልገው ትኋን ዋና ችግር ከሆነ ብቻ ነው።

መቶ የዘር መስመር በእጁ ያለ አዳቃይ ሁሉንም በጥንድ መደብ መዝራት አይችልም። የመጀመሪያውን ዓመት እያንዳንዱን በአንድ መስመር፣ በሁለት ድግግሞሽ፣ ተጋላጩን በየአሥሩ መሃል አስገብቶ ይዝራ፤ ክፉኛ የተበሉትን ይጣል። የዚህ ዙር ሥራ መጣል ብቻ ነው፤ የቀረው ሁሉ ገና «ያልተነካ» ነው። ከቀሩት 30 ያህሉ በተቆረጠ ቅጠል፣ ከዚያ 8ቱ በአጎበር ቤት ያልፋሉ።

አንድ መንፈቅ ብቻ ያለው ተማሪ ከክፍት ማሳ ይራቅ። ዝናቡ ቢዘገይ ወይም ተባዩ ባይመጣ ጽሑፉ ባዶ ይቀራል። ምርጫ ያለበትና የሌለበት የቅጠል ፈተና በስድስት ዝርያ ላይ፣ በሁለት የዕድገት ደረጃ ቢደገም የሚያስተማምን ውጤት ይሰጣል።

በየትኛውም መንገድ ቢሄዱ ከእያንዳንዱ ዝርያ 200 ግራም ያልታሸ ዘር፣ ዝርያው፣ የመጣበት ቦታና ዓመቱ ተጽፎበት፣ አየር በማያስገባ ዕቃ ይቀመጥ። ሁለት ፈተናዎች የተጋጩ ቀን የሚወሰደው ከዚያ ነው።